የሚቀረውን መምህር እናስቀድም

ትምህርት በተዳከመበት ሁሉ አንድ መፍትሔ በቶሎ ይታሰባል፦ ፈረንጅ መምህር ይምጣልን። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ይህን ሐሳብ በተግባር ታውቀዋለች። ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው የውጭ ድርጅት የላካቸው በጎ ፈቃደኞች በአሶሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንግሊዝኛና የማስተማር ዘዴ አሠልጥነዋል። ከአገሩ ርቆ፣ መብራትና ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ፣ በአነስተኛ አበል የሚያገለግል ሰው ምስጋና ይገባዋል። ትችቴ በእሱ ላይ አይደለም። የእሱን መምጣት እንደ ፈውስ በምንቆጥረው በእኛ ላይ ነው።

በዚህ የማይስማሙ ሰዎች የአሜሪካውን የሰላም ጓድ ያነሳሉ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን መጥተው መምህር ያጡ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችን ሸፍነዋል። ውለታቸው የማይካድ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዲግሪ ያለው ኢትዮጵያዊ መምህር እጅግ ጥቂት ነበር። ያኔም ቢሆን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ እንዲያስተምሩ አድርጓል። ዛሬ አሶሳ የመምህራን ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አላት። የ1955ን ምክንያት ዛሬ መድገም አያዋጣም።

የበጎ ፈቃደኛውን ውሎ ልብ ብሎ ላየ ክፍተቱ ግልጽ ነው። ጧት ኮሌጅ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቶ በተሰባበረ አማርኛ ይገበያያል፤ ማታ አማርኛውን ያጠናል። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነው። እሱ የሚያሠለጥነው ዕጩ መምህር ግን ነገ የሚቆመው በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ አፉን በፈታ ሕፃን ፊት ነው። የዕጩው ዋና ጭንቀት ይህን ልጅ ከእናቱ ቋንቋ አንሥቶ በአማርኛ በኩል እስከ እንግሊዝኛ ማድረስ ነው። እዚህ ላይ እንግዳው የሚያካፍለው ልምድ የለውም፤ ችግሩን መረዳት ሲጀምር ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑ ያልቃል።

የአካባቢውን ቋንቋዎች የመዘንጋት ጉድለት የቆየ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሲያስተምር በርታም ጉሙዝም በዝርዝሩ አልነበሩም። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ የመማሪያ ቋንቋ መሆን የጀመሩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቋንቋዎቹ የሚፈልጉት የሚነበብ መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው የቋንቋው ባለቤት ነው።

በውጭ እርዳታ የተጀመረ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለመምህራን አሠልጣኞች የተዘረጋው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም መጀመሪያ በውጭ በጎ ፈቃደኞች ይመራ ነበር፤ ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ተረክበውታል። ሊለመድ የሚገባው ይህ ነው፤ እንግዳው ሲመጣ ተረካቢው የታወቀ፣ ሲሄድ ሥራው የማይቆም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በክልሉ ካማሺ ዞን ግጭት ሲነሣ፣ በኋላም የመተከል ዞን ሲታመስ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የውጭ ድርጅት ሠራተኞቹን ማስወጣት ግዴታው ነው፤ አይወቀስም። ሕዝቡን ተከትሎ የሚፈናቀለው፣ ሰላም ሲመለስም ክፍሉን የሚከፍተው የአገሩ መምህር ነው። ሆኖም ለእንግዳው ቤት ስናዘጋጅ ገጠር ለምንመድበው ጀማሪ መምህር መጠለያ አናስብም። ይህ ልማድ ያሳፍራል።

ስለዚህ የክልሉ ትምህርት ቢሮና ኮሌጆቹ ሦስት ነገር ያድርጉ። አብሮት ሠርቶ የሚረከብ መምህር ሳይመደብ በጎ ፈቃደኛ አይቀበሉ። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሺናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ የሚወጡ ዕጩ መምህራንን አስቀድመው ያሠልጥኑ። ገጠር ለሚገባው መምህር ቤትና ማበረታቻ ይመድቡ። እንግዳው በክብር ይምጣ፤ በጀቱና ዕቅዱ ግን በቅድሚያ ለሚቀረው መምህር ይዋል።