የባትሪው ጤንነት ለገዢ ይገለጥ

በኮልፌ ቀራንዮ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ነጋዴ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የመመረቂያ ጽሑፉን በባትሪ ኃይል ለሚፈጽም ተማሪ፣ ከዋጋው አስቀድሞ የባትሪውን ጤንነት እንዲገልጥለት ፍትሕ ያስገድደዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ የበቃው የሊቲየም አዮን ባትሪ በባሕርዩ አላቂ ነውና፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ ከጥንተ አቅሙ አንድ አምስተኛውን ሲያጣ፣ ሙቀትና ዘወትር መቶ በመቶ ሞልቶ መቆየት፣ ይልቁንም አልጋ ልብስ ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ማደር፣ ድካሙን ያፋጥኑበታል። ይህም በዓይን አይታይም።

ሆኖም ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት፣ ሲፈበረክ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ተከታትለው ይነበባሉ፤ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው ወደ 25,000 ወርዶ ከተገኘ፣ ሻጩ ወይ ባትሪውን ይለውጥ፣ ወይ ከዋጋው ይቀንስ።