ፍላሽ ሻጭ አስቀድሞ ስለ ካሜራው ይጠይቅ

በንግድ ሥራ ለተሰማራ ሰው ዕቃን ከመሸጥ ይልቅ የሸጡት ዕቃ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ የሚበልጥ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በካሜራ አናት ላይ በሚሰካው ፍላሽ ንግድ ይህ ጥበብ ሲጓደል ይታያል።

ፍላሽ የሚገዛው ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። ሠርግና ክርስትና እያነሣ ኑሮውን ለማሻሻል አስቦ፣ በብዙ ድካም ባጠራቀመው ገንዘብ ካሜራ የገዛ ወጣት ነው። ወደ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ርካሹ የትኛው እንደ ሆነ ነው፤ ባለሱቁም ርካሹን ያወርድለታል። ፍላሹ ግን ከካሜራው ላይ ሲሰካ ላይበራ ይችላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእጅ ብቻ የሚስተካከሉት ርካሽ ፍላሾች ከካሜራው ትእዛዝ የሚቀበሉት በመሰኪያው መካከል ባለችው አንዲት የብረት ነጥብ ነው። ካኖን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጣው 4000ዲና በ2019 ባወጣው 250ዲ በተባሉት የጀማሪ ካሜራዎች ላይ ይህችን ነጥብ አስቀርቷታል። ስለዚህ ለነዚህ ካሜራዎች የኩባንያው የራሱ ወይም ከነርሱ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ ፍላሽ ያስፈልጋል። ሶኒም በ2012 አዲስ መሰኪያ ስላወጣ፣ ለቀድሞው መሰኪያ የተሠሩት ፍላሾች ያለ ማገናኛ አይገጥሙም።

ሁለተኛው ስሕተት በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር መታለል ነው። የፍላሹን ኃይል የሚገልጸው ጋይድ ነምበር ለርቀቱ ሲካፈል የሌንሱን መክፈቻ ይሰጣል፤ በአይ ኤስ ኦ 100 ቁጥሩ 40 ቢሆን፣ በ5 ሜትር ርቀት ለቆሙ ሙሽሮች መክፈቻው 8 ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ ቁጥሩን የሚለካው የፍላሹን ብርሃን ለ105 ሚሊሜትር ሌንስ አጥብቦ፣ ሌላው ለ200 ሚሊሜትር አጥብቦ ስለ ሆነ፣ ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ብዙ ብርሃን ማለት አይደለም። ለጀማሪ የሚበልጠው የፍላሹ ራስ ወደ ላይና ወደ ጎን መዞሩ ነው፤ ብርሃኑ ከነጭ ኮርኒስ ነጥሮ ሲመለስ በፊት ላይ የሚወድቀው ጥላ ይለሰልሳልና።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ገዢው የሚፈልገውን ራሱ ይወቅ» ይሉ ይሆናል። ጀማሪ ግን ጀማሪ የተባለው ገና ስላላወቀ ነው፤ ዕውቀቱንም ከዋጋው ጋር ከባለሱቁ ይጠብቃል። ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ፍላሹ እንቢ ያለው ወጣት ሥራውን ያጣል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን።

እንግዲህ አስመጪው ፍላሽ ከማዘዙ በፊት በገበያው በብዛት የተሸጡት ካሜራዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ይመርምር፤ በየካርቶኑም ላይ ለየትኛው ካሜራ እንደሚሆን በአማርኛ ያጽፍ። ባለሱቁም ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ባትሪ አግብቶ፣ ፍላሹን በገዢው በራሱ ካሜራ ላይ ሰክቶ ያብራ። ይህን ለማድረግ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ የሱቅም መልካም ስም ከአንድ ቀን ትርፍ በላይ ይውላል።