ፀሐይዋ የሁላችን፣ ቅባቱ የጥቂቶች

ሀገራችን ለብዙ ዓመታት ራሷን ለቱሪስት ያስተዋወቀችው በፀሐይዋ ነው። «የ13 ወር ፀጋ» ሲባል ያልሰማ የለም። ስለዚችው ፀሐይ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምን ምክር እንደምታገኙ ግን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ምክር ነው፤ እሱም ለአራስ እናት የሚሰጠው፦ «ልጁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው።» ምክሩ ጥሩ ነው፣ አጥንት እንዲጠነክር ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው።

ዝምታው የቆመው በአንድ አባባል ላይ ነው፦ «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው።» ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር በደንብ ይከላከላል፤ ስለዚህ በሽታው በእኛ ላይ ከነጮቹ በጣም ያነሰ ነው። ችግሩ ይህን ግማሽ እውነት ይዘን ሁለት ዓይነት ሰዎችን መርሳታችን ነው።

የመጀመሪያዎቹ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። የእነሱ ቆዳ ሜላኒን የለውም፣ ካለውም በጣም ትንሽ ነው። የሚኖሩት ደግሞ ለምድር ወገብ በቀረበ ሀገር፣ ብዙዎቹም ደጋ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በአፍሪካ አልቢኒዝም ያለባቸውን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ከሚቀጥፉት ነገሮች ዋነኛው የቆዳ ካንሰር ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት ላይ፣ ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ መሆኑ ነው። ትንሽ ቁስል ሳለ ከተደረሰበት በቀላል ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል።

አሁን ወደዚያች አራስ እናት እንመለስ። ልጇ አልቢኒዝም ያለበት ከሆነና «ፀሐይ አሙቂው» የሚለው ምክር ሳይለወጥ ከተሰጣት፣ ጤና ተቋሙ ራሱ ልጁን ወደ ጉዳት እየላከው ነው። ለክትባት ስትመላለስ ባለሙያዎች ልጁን ደጋግመው ያዩታል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ «ሰፊ ኮፍያ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ ቀትር ላይ ጥላ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ መስኮት ሥር እንዳያስቀምጡት ንገሪያቸው» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሁለተኛዎቹ እኔና እናንተ ነን። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊን እናስታውስ። በ1978 እ.ኤ.አ. ሀገራችን መጥቷል፤ 60ኛ ዓመት ልደቱ በመስቀል አደባባይ ተከብሯል። ዘፈኖቹን የማያውቅ የለም፤ የሞተበትን ምክንያት የሚያውቅ ግን ስንት ነው? በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ በ1981፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። ጣቱ ላይ የነበረው ነገር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። እኛም ሰፈር እኮ እንዲሁ ነው! ጥፍር ሲጠቁር «ጫማ አጥብቆት ነው»፣ ውስጥ እግር ላይ ጥቁር ነገር ሲወጣ «እሾህ ወግቶት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ለወራት ሳይድን እየሰፋ ሲሄድ ግን ጫማና ካልሲ አስወልቆ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ለዓመታት የኖረ የቃጠሎ ጠባሳ እንደገና ቆስሎ አልድን ሲልም እንደዚሁ፤ እዚያም ላይ ካንሰር ሊነሳ ይችላል።

«ጤና ጣቢያው በወባና በቲቢ ተጨናንቋል፣ አንተ ስለ ጥፍር ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ጤነኛውን ሁሉ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መርምሩ አላልኩም። አሜሪካ ውስጥ እንኳን ጉዳዩን የሚመረምረው የባለሙያዎች ግብረ ኃይል፣ ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ መመርመር ይጥቀም አይጥቀም ለመወሰን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፤ በ2023። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ አልቢኒዝም ያለበትን ሰው በቋሚነት ቀጠሮ ሰጥቶ ማየት፤ ሌላውን ደግሞ «የማይድን ቁስል ወይም የሚሰፋ ጥቁር ነገር አለብህ?» ብሎ መጠየቅ፣ አለ ካለ ማየትና ወደ ቆዳ ሐኪም መላክ። ይህ ማሽን አይፈልግም፣ ዓይንና ብርሃን ይበቃዋል። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያሏት ሀገር «ሰው የለኝም» ማለት አትችልም።

ሕዝቡ አይገባውም የሚባለውም አይዋጥልኝም። «ምች መታኝ» እያለ ያደገ ሕዝብ እኮ ነው! ገጠር ሂዱ፣ ጃንጥላ ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት ታገኛላችሁ። ፀሐይ እንደምትጎዳ ያውቃል፤ ያልተነገረው ማንን አብልጣ እንደምትጎዳ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሠፈር፣ ወደ ቲክቶክ። ሰንስክሪን እኛ ጋ የ«ግሎው» ጉዳይ ሆኗል። አንድ ፋርማሲ ገብቼ ስጠይቅ ወደ ሜካፑ መደርደሪያ ነው የተመራሁት፤ ዋጋውን ሳይ የቀን ሠራተኛ የሚሞክረው አይደለም። ጎኑ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ተደርድረዋል፤ የተፈጥሮ መከላከያችንን የሚቀንሱት ማለት ነው። ለብዙዎቻችን የውበት ዕቃ የሆነው ቅባት፣ አልቢኒዝም ላለበት ልጅ መድኃኒት ነው። ታንዛኒያ፣ ሞሺ ከተማ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል «ኪሊሰን» የሚባል የፀሐይ መከላከያ ለእነዚሁ ሰዎች ብሎ እያመረተ ሲያድል ቆይቷል። ኪሊማንጃሮ ሥር የተቻለ ነገር እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በየዓመቱ ጁን 13፣ ማለትም ሰኔ 6፣ ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ቀን ነው። የዚያን ዕለት ፎቶ መለጠፍ እንችልበታለን። እኔ የምፈልገው በማግሥቱ፣ ሰኔ 7፣ ከእነዚህ ልጆች አንዱ አቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ቆዳው ታይቶ፣ ቅባቱንም በነፃ ይዞ እንዲወጣ ነው። ይህን ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ካልሲያችሁን አውልቁና ውስጥ እግራችሁን እዩ።