ደላላውና ባለዲግሪው

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። በማኔጅመንት ወይም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቆ «ዓለም አቀፍ ኮንሰልታንት» መሆን የሚመኝ የምዕራብ ጎንደር ልጅ ከየት ይጀምር? የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ዕድል ከቀናም ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ። መተማ የሚል የለም።

እኛ ግን መተማ እንላለን። ይህን የምንለው ለአገር ልጅነት ብለን አይደለም፤ ሙያው ራሱ ስለሚያስገድደን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮንሰልታንት የሚባል ሰው የሚሸጠው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሌላው የማያውቀውን ገበያ ማወቁን። ሁለተኛ፣ ሁለት ወገኖች የሚግባቡበትን ቋንቋ። ሦስተኛ፣ ያወቀውን ጽፎ በስሙ መፈረሙን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መተማ ዮሐንስ ላይ ሞልተው ተርፈዋል። ያሉት ግን ደላላው ዘንድ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሊሆን ይችላል፤ አረብኛውን ግን ከጋላባት ነጋዴ ጋር ሲከራከር ተምሮታል። ሰሊጥ ፍሬው ፈንድቶ ከመርገፉ በፊት መታጨድ እንዳለበት፣ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ ከዘገየ ምርቱ መሬት ላይ እንደሚቀር ያውቃል። ገዳሪፍም ሰሊጥ አምራች ነው፤ ወጣቶቻችንም ለዓመታት ድንበር እየተሻገሩ ሲያጭዱ ኖረዋል። ስለዚህ ማዶ የሚከፈለው የቀን ሥራ ዋጋ ወዲህ ያለውን ባለእርሻ እንደሚነካው ለደላላው የሚነግረው አያስፈልግም። ለዓመታት ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ያስገኘልን ሰብል የሚመረተው እዚሁ ቆላ ውስጥ ነው፤ ይህን ሁሉ እውቀት ግን ጽፎ ያስቀመጠው የለም።

ባለዲግሪውስ? ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ተፈትኖ አልፏል፤ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አረብኛ ግን አያውቅም። እኛ ራሳችን በተማርንበት ግቢ የንግድ ትምህርቱና የቋንቋ ትምህርቱ በአንድ አጥር ውስጥ እየኖሩ ሰላም አይባባሉም ነበር። ድንበር ላይ ላደገ ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ ማስተማር ለማንም ትዝ አላለውም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኛው በመተማ በኩል ጎረፈ። ተከትለው የእርዳታ ድርጅቶች መጡ። የዚህን ዓለም አሠራር መቼም ታውቁታላችሁ። ከሩቅ የመጣው ባለሙያ ጥናቱን ይመራል። የአገሩ ልጅ በቀን አበል መረጃ ይሰበስባል፣ ያስተረጉማል። ሪፖርቱ ሲታተም ስሙ ከተገኘ የምስጋናው ገጽ ላይ ነው። በዚህ እንበሳጫለን፤ ልክም ነን። ግን ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ። አረብኛውንም፣ ገበያውንም፣ አጻጻፉንም በአንድ ጭንቅላት የያዘ ልጅ አቅርበን ነበር ወይ?

ምሳሌ ካስፈለገ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን አሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ላይ ለዶክትሬት ዲግሪ ያጠኑት የዎል ስትሪትን ገበያ አልነበረም። ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነው፤ ነጋዴውንና ደላላውን፣ እርስ በርስ የሚተማመኑበትን መንገድ። በዓለም ባንክም ሠሩ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእርሳቸው መሪነት ተከፈተ፤ ሰሊጥም ወደዚያው ገባ። ከምርት ገበያው ከለቀቁ በኋላ ደግሞ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ገበያ እንዲያቋቁሙ የሚያግዝ ኩባንያ መሠረቱ። ዓለም አቀፍ ያደረጋቸው ሌላው ሰው የናቀውን የአገር ቤት ነገር ከማንም በላይ አውቀው መጻፋቸው ነው።

«ታዲያ ደላላው ዲግሪ ቢጨምር አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይበቃም። ደላላ የሚበላው ገበያው ሲፈጸም ነው፤ ስለዚህ «ግዛ» ማለት ይቀናዋል። አማካሪ ግን ክፍያው የሚገባው «ዘንድሮ አትግዛ» ለማለት ሲደፍር ነው። ለደንበኛው የማይጥመውን እውነት የማይናገር ኮንሰልታንት ክራባት ያሰረ ደላላ ነው።

ደግሞስ መንገዱ? ይህን የሚጠይቀን ሰው እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት፣ እገታው በበዛበት አገር፣ «ላፕቶፕህን ይዘህ ወደ ቆላ ውረድ» ብለን በማንም ሕይወት አንቀልድም። አረብኛን ለመማር ግን ድንበር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጦርነቱ አገራችን ካመጣቸው ሱዳናውያን መካከል ማስተማር የሚችል አይጠፋም። የሰሊጥን ዋጋ በየሳምንቱ ደብተር ላይ ለመመዝገብ ስልክና ከነጋዴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ይበቃል። አንድ ዓመት የተመዘገበ ዋጋ፣ ከሥሩ «ለምን ወጣ? ለምን ወረደ?» የሚል ሁለት ገጽ ማብራሪያ፣ በመጨረሻም ስምና ፊርማ… ይህ ከማንኛውም ያማረ ሲቪ በላይ ይናገራል።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከወደቁባት ጊዜ ጀምሮ መተማን የምናስባት እንደ ወሰን፣ አገር የሚያልቅባት ጫፍ አድርገን ነው። ለነጋዴው ግን ሁልጊዜም በር ነበረች። የተማርነው ልጆች ይህ ከገባን፣ ስማችን ከምስጋናው ገጽ ወጥቶ ሽፋኑ ላይ የሚጻፍበት ቀን ሩቅ አይሆንም።