ስለ ተሸናፊው ቡድናችን

በዚህ ዓመት የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከወጣበት ግጥሚያ ሁሉ ተሸንፎ መመለሱን ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ያልቀለደበትም ጥቂት ነው። ቀልዱስ ይሁን። ነገር ግን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «ዘወትር ለሚሸነፍ ቡድን ጫማ መግዛት ብክነት ነው፤ በሚመጣው ዓመት ገንዘብ አይመደብለት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ሲደገፍ ዝም ማለት አልቻልንም።

በካሊፎርኒያ፥ በፓሳዴና ከተማ፥ ካልቴክ የሚባል በኖቤል ተሸላሚዎቹ የታወቀ የሳይንስ ተቋም አለ። የዚህ ተቋም የወንዶች ቡድን ከአካባቢው ኮሌጆች ጋር በሚያደርገው ውድድር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1985 እስከ 2011 ድረስ 310 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ከቁጥር ጋር እምብዛም ባንዋደድም ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበብነው። ሽንፈቱ ሲጀመር የተጫወተ ተማሪ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባበት ዘመን ነው! በዚያ ተቋም ለስፖርተኛ ተብሎ የሚሰጥ የትምህርት እርዳታ የለም፤ ከተጫዋቾቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ቡድን ገብተው የማያውቁ ነበሩ። ሆኖም ቡድኑን ያፈረሰው የለም። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 ኦክሲደንታል የተባለውን ኮሌጅ 46 ለ45 ረታ፤ የማሸነፊያዋ ነጥብ የተገኘችው ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ በቅጣት ውርወራ ነው።

ጨዋታውን በ1891 የፈለሰፈው ጄምስ ኔስሚዝ እንኳ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሳለ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል።

ይህን ስንል ልጆቻችን ነቀፋ አይገባቸውም ማለታችን አይደለም። በልምምድ ሰዓት ሦስት ሰው ብቻ ሜዳ ላይ ቆሞ አይተናል። የቀሩት «ፈተና ደርሶብን ነው» ይላሉ፤ በዚያው ሰዓት ግን ሻይ ቤት ካርታ ሲጫወቱ አግኝተናቸዋል። ሜዳ ሲገቡም ኳስ የደረሰው ሁሉ ራሱ ካልወረወረ አይረካም፤ አምስት ሰው እንደ አምስት ቡድን ይጫወታል። ሜዳውም ቢሆን ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ፥ ዝናብ በጣለ ቍጥር ውሃ እያቆረ፥ አንደኛው ቅርጫት መረብ ካጣ ሰንብቷል። ይህ ሁሉ የሚታረም ነው፤ ቡድኑን በማፍረስ ግን አይታረምም።

ለመሆኑ መዋጮ የምንከፍለው ዋንጫ ለመሸመት ነውን? ያልቀናው ሁሉ ይበተን ከተባለ ባዶ ወንበር ፊት የሚጫወተው የቴአትር ክበባችንስ ተራው መቼ ነው? ይህችን መጽሔትስ ስንቱ ያነባታል? በስብሰባው ላይ ያን ያህል ያጨበጨቡት ወንድሞቻችን ከጭብጨባው ጥቂቱን በሜዳው ዳር ቢያወጡት ኖሮ፥ ቡድናችን ባያሸንፍ እንኳ በጎብኚዎቹ ጩኸት ብቻ ተከቦ ባልተጫወተ ነበር።

ሐሳቡ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት ማክሰኞ በ11 ሰዓት ልምምድ አለ፤ እጅ የሚያወጣ ሁሉ መጥቶ ይመልከት። ተጫዋቾቹም ይምጡ።