የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ ሜዳ ይጋጠሙ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ልዩ ልዩ አሳብ ሲወጣ ስለማነብ፥ እኔም በመምህርነት ሥራዬ ዘወትር የሚያጋጥመኝን አንድ ጉዳይ እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም የግልና የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስፖርት አብረው ይወዳደሩ ወይስ ለየብቻቸው የሚለው ነው።

እኔ የተማርኩት በሚስዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ የማስተምረው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ክርክሩን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ። ከመንግሥት ወገን ያሉት፥ «የግሎቹ ገንዘብ አላቸው፤ ማልያና ታኬታ ያሟላሉ፤ ጎበዝ ተጫዋች ሲያዩም ያለ ክፍያ እናስተምርህ ብለው ይወስዱብናል» ይላሉ። ከግል ወገን ያሉት ደግሞ፥ «እኛ በጥቂት መቶ ተማሪ ሁለትና ሦስት ሺሕ ተማሪ ካለው ትምህርት ቤት ጋር እንዴት እንጋጠማለን? የምንለማመድበት ሜዳ እንኳ የለንም» ይላሉ። የሁለቱም አቤቱታ እውነትነት አለው። ነገር ግን አቤቱታው ደንብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ነው እንጂ ልጆቹን የሚያለያይ አይደለም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ የግሉም የመንግሥቱም ተማሪ ከቤቱ ርቆ ሄዶ ያንኑ ፈተና ተፈትኗል። የግሎቹ የተሻለ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ስላላቸው ፈተናው ይለይልን ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እንግዲህ የመጽሐፍ ማነስ ብዙ በሚጎዳበት ውድድር አብረው የሚቀመጡ ልጆች፥ አንድ ኳስና ሁለት ጎል በሚበቃበት ውድድር የሚለያዩበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች በከተማችን በርክተዋል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ብዙ ልጅ ተምሮባቸዋል። ነገር ግን በአንድ ሰፈር ከሚያድጉ ልጆች አንዱ ጠዋት በሰርቪስ፥ ሌላው በእግሩ ይወጣና ማታ ሁሉም በየቤቱ ይገባል። አንዱ ሌላውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በዩኒፎርሙ ቀለም ነው። ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፥ ምናልባትም አንዱ የሌላው አለቃ የሚሆኑ ልጆች፥ ዛሬ ተጋጥመው፥ ተሸናፊው የአሸናፊውን እጅ መጨበጥ ካልተማሩ መቼ ሊማሩት ነው?

ስለ ተጫዋች መውሰድ የሚባለውን እኔም አይቼዋለሁ። አምና ከማስተምረው ክፍል አንድ ጎበዝ አጥቂ በዓመቱ እኩሌታ ወደ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተወሰደ። ቤተ ሰቡ ችግረኛ ስለ ሆነ በዕድሉ ደስ አለን። ነገር ግን ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ ድጋፉ ተቋረጠና በሚያዝያ ወደ እኛው ተመለሰ፤ በፊዚክስ ሦስት ምዕራፍ አልፎት ነበር። ይህን ልጅ የጎዳው አብሮ መወዳደር አይደለም፤ የደንብ አለመኖር ነው። የግሎቹ ለብቻቸው ቢወዳደሩም እርስ በርሳቸው ለመበላለጥ ከእኛ መውሰዳቸውን አይተዉም።

ይህ ክርክር በሌላም አገር አለ። በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት፥ ለስፖርተኞቻቸው የክፍያ ድጋፍ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶች ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌላ ምድብ እንዲወዳደሩ አደረገ። ኢሊኖይ ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ መረጠ፤ ይኸውም የግሎቹን ጨምሮ ከተወሰነ ቀበሌ ውጭ ተማሪ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪያቸው ቁጥር በ1.65 እየተባዛ፥ ከፍ ካሉት ጋር እንዲመደቡ ነው። አንደኛው አጥር ሠራ፤ ሁለተኛው ሒሳብ ሠራ። ለእኛ የሚበጀን ሒሳቡ ይመስለኛል።

ደግሞም የግል ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው ተወዳድረው የሚያገኙት ዋንጫ ምን ያህል ያኮራቸዋል? በበቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ካሠለጠኗቸው ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። እንዲህ ያለ ተሰጥዎ ክፍያ ከሚጠይቅ በር ውጭ ሲያድግ፥ ከእርሱ ጋር ሳይጋጠሙ አንደኛ ወጣሁ ማለት አይቻልም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

ስለዚህ የትምህርትና የስፖርት ኃላፊዎች የሚከተለውን እንዲመለከቱልኝ አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ውድድሩ አንድ ሆኖ ምድቡ በተማሪ ብዛት ይሁን፤ ትንሹ ከትንሹ፥ ትልቁ ከትልቁ ይጋጠም፤ የምድብ አሸናፊዎችም በመጨረሻ ይገናኙ። ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ፥ ወላጆቹ መኖሪያ ካልቀየሩ በቀር፥ አንድ ዓመት ሳይሞላው ለአዲሱ ትምህርት ቤት አይሰለፍ። በስፖርት ምክንያት የተሰጠ ነፃ ትምህርትም ልጁ ቢጎዳም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጸና ይሁን። ሦስተኛ፥ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች በኪራይ ቤትና በፎቅ ላይ ስለ ሆኑ ሜዳ የላቸውም፤ ብዙዎቹ የቆዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሰፊ ሜዳ እያላቸው ኳስና መረብ ይቸግራቸዋል። ሜዳ ያለው ሜዳውን ያውስ፤ ገንዘብ ያለው ኳሱንና የዳኛውን አበል ይቻል። አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ለሴቶች ተማሪዎችም በእኩል ይፈጸም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቀው የሁለቱም ወገን ርእሳነ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ደንቡን መፈረማቸውን ነው። የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መርሐ ግብር ሳይወጣ ይህ ቢታሰብበት መልካም ነው እላለሁ። የተለየ አሳብ ያላቸው አንባብያንም በዚሁ ዓምድ ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ