የውሃ ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላ

በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በዱባይም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለትውልድ ቀዬው ሊያደርግ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ንጹሕ ውሃ ማስገባት ነው። የአካባቢ ተወላጆች ማኅበራት በእራት ግብዣ በሚሰበስቡት ገንዘብ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ የለጋሾች ስም በእምነ በረድ ላይ ተጽፎ ፎቶግራፉ ይላካል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለለጋሾቹ አይደርስም።

በገጠር በብዛት ከሚተከሉት የእጅ ፓምፖች አንዱ የሆነው አፍሪዴቭ የተነደፈው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ጎሚኒውና የእጀታው ፕላስቲክ ኩሽኔታ ናቸው፤ ሁለቱም ውድ ዕቃዎች አይደሉም። ሆኖም ዕቃው የሚሸጥበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ፣ ወይም የውሃ ኮሚቴው ሣጥን ባዶ ከሆነ፣ ፓምፑ ይቆማል። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ይዘው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይመለሳሉ። አንዳንድ ለጋሾች ደግሞ «ውሃው በነፃ የተሰጠ ነውና ገንዘብ አይሰብሰብበት» ይላሉ። ደግነቱ ግልጽ ነው፤ ውጤቱ ግን መጠገኛ የሌለው ፓምፕ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት ብር ቢያዋጣና ኮሚቴው አቅም የሌላቸውን ነፃ ቢያደርግ፣ ጉድጓዱ የራሱን ጎሚኒ ይገዛል።

ፓምፑ መሥራቱ ብቻውን በቂ የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለቶች የሚወጣው ፍሎራይድ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ይህንን በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት እንዲህ ያለውን ውሃ ጠጥተዋል፤ የልጆች ጥርስ በልዟል፣ የአንዳንድ አዋቂዎች አከርካሪም ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ውሃው በዓይን ሲታይ ጥሩ ነው። ማፍላት አያጠራውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው የፍሎራይድ ክምችት ይጨምራል። ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ ይረዳል፣ ግን አጥንቱ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ይህም ተመልሶ ወደ ጥገናና ወደ ኮሚቴው ሣጥን ይወስዳል። ስለዚህ የቤተ ሙከራ ውጤት ሳይታይ ፓምፕ መትከል አይገባም። ለቁፋሮ የከፈለ ማኅበር «ይህ ጉድጓድ ይዘጋ» የሚል ወረቀት መቀበል እንደሚከብደው የታወቀ ነው፤ መቀበል ግን አለበት።

ጉድጓድ የሚቀዳው ከጋራ ማጠራቀሚያ መሆኑም ይዘነጋል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲያቀርብ ኖሯል። በዙሪያው ጫትና አትክልት ለማጠጣት የተተከሉት የሞተር ፓምፖች፣ የከተሞቹ ፍላጎትና ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለል ተደምረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ሐረር ውሃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ለማምጣት ተገደደች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ማን ምን ያህል ይቅዳ የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት ተመልሷል። ለመኖሪያ ቤት የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ተደንግጓል። የጎደለው ሕጉ ሳይሆን ቆጥሮ የሚቆጣጠር አካል ነው።

ይህ ሁሉ በውጭ ያሉትን ማኅበራት ተግባር ይለውጣል። ገንዘብ ከመልቀቃቸው በፊት የውሃውን የምርመራ ውጤትና ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር የተፈረመ የጥገና ስምምነት ሊጠይቁ ይገባል። ከተሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለመለዋወጫ ተለይቶ በየዓመቱ ቢለቀቅ፣ ሪፖርቱም ስለ ምረቃው ሳይሆን በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ውሃው መፍሰስ አለመፍሰሱን ቢናገር ይሻላል። በዚህ አሠራር አሥር ጉድጓድ ያቀደ ማኅበር ሰባት ብቻ ሊያስቆፍር ይችላል። በእራት ግብዣው ላይ የሚነበበው ቁጥር ያንሳል፤ ምክንያቱን ለአባላቱ አስቀድሞ ማስረዳት የመሪዎቹ ሥራ ነው።